የቄሱ ጫማ ጎማ ውስጥ የገባበት እሑድ

ስለ ጎማው ከመናገሬ በፊት የሚናገረው ማን እንደሆነ ይታወቅልኝ። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ጣሪያው አፍስሶ ልጠግን። ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ነው። መጀመሪያ በዘይት ቆርቆሮና በስኳር ጆንያ ላይ የተጻፈውን እያፈጠጥኩ፣ በኋላም ሰው አንብቦ የጣለውን ጋዜጣ እያነሳሁ ተማርኩ። መኪና መንዳት የተማርኩት ሌላ ሰው ሲነዳ አጠገቡ ተቀምጬ እግሩን በማየት ነው። የወፍጮ ሞተር፣ ራዲዮ፣ የውኃ ፓምፕ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ በወገራና በጎንደር መካከል እኔ ፈትቼ ያላየሁት ካለ ገና ያልተበላሸ ነው። ከፈታኋቸው ውስጥ ተመልሰው ያልተነሱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ድሮም ደህና አልነበሩም።

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ባለው ግቢዬ ክፍል የሚከራዩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ። ከመካከላቸው ምህንድስና የሚማሩት ሳይቀሩ ቧንቧ ሲፈስባቸው «አባባ» እያሉ የሚጮኹት ወደ እኔ ነው። ፒክአፕ መኪናዬንም ያገኘኋት አንድ ሰው ጓሮ ውስጥ ዶሮ ሲያድርባት ነው። ዶሮዎቹን አስወጣሁ፣ ሞተሩን አወረድኩ፣ ያለቀውን በሌላ አሮጌ ተካሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ትሄዳለች። ጋቢናዋ ሦስት ሽማግሌ ይይዛል፤ ቀጫጭን ከሆኑ።

ጉዳዩ የእህቴ ልጅ ጉዳይ ነው። ጎንደር ነርስ ሆኖ ይሠራል። ጨዋ ነው፤ ትንሽ ፈሪ ነው፤ በዚህ በኩል እኛን አልወጣም። አብራው የተማረች ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። አባቷ ከአምባ ጊዮርጊስ አልፎ በኮረኮንች በሚገባበት መንደር የሚኖሩ፣ ገብሱም ከብቱም የሞላላቸው፣ በሃይማኖታቸው ጥብቅ የሆኑ ገበሬ ናቸው።

በእኛ አገር ልጅ በአንድ ጥየቃ አትሰጥም። መጀመሪያ የሄደ ሽማግሌ «ዘመድ እናማክር» ይባላል። ሁለተኛ ሲሄድ «እስኪ እንሰንብትበት» ይባላል። ቁርጡ ያለው በሦስተኛው ቀጠሮ ነው። በዚያ ቀን ሽማግሌ ከቀረ ወይም ካረፈደ «ናቁን» ተብሎ በሩ ይዘጋል፤ የተዘጋ በር ደግሞ በእኔ ጉጠት እንኳ አይከፈትም። እኛ ሁለቱን ተመላልሰን፣ ሦስተኛው ለእሑድ አምስት ሰዓት፣ ከቅዳሴ መልስ ተቀጥሮልን ነበር። አባትየው ሲሸኙን «ሌሎችም ሽማግሎች እየመጡብን ነው» አሉ። ልጁ ይህን ከሰማ ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም።

ቅዳሜ ጠዋት ከመኪናዬ የኋላ ጎማዎች አንዱ ተንፍሶ አደረ። ስኮርታ፣ ማለትም መጠባበቂያ ጎማ፣ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር ስኮርታዬ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በፊት ለፊት በግራ በኩል ሥራ ላይ ነው። ጎማውን ፈትቼ እያንከባለልኩ ሰፈራችን ወዳለችው ጎሚስታ ወሰድኩት። ጎሚስታዋ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ክንደ ብርቱ ሴት ናት። ሥራዋን አደንቃለሁ፤ ለእሷ ግን ነግሬያት አላውቅም።

ጎማውን ከቸርኬው አላቅቃ አገላበጠችው።

«ሚስማሩ ቀላል ነው አባባ፤ እለጥፍልዎታለሁ። ችግሩ ይሄ ነው» ብላ ጎኑን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ላስቲኩ ተሰንጥቆ ክሩ ይታያል። «ጎኑ እንዲህ የሆነ ጎማ አይጠገንም፤ ይቀየራል።»

«ማን አለ?»

«ጎማው ራሱ እያለ ነው።»

«ልጄ፣ ይህ ጎማ አንቺ ሳትወለጂ ይሄድ ነበር።»

«ለዚያ ነዋ የደከመው!»

ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። ዞር ብል ከተከራዮቼ ሁለቱ ቆመዋል። እሷ ግን ቁም ነገሯን ቀጠለች። ግድግዳው ላይ ያስደገፈችውን፣ ያገለገለ ነገር ግን ጥርሱ ያላለቀ ጎማ እያሳየች፣ «ይሄ ልክዎ ነው። አሁን ልግጠምልዎት፣ በሰላም ይሂዱ» አለችኝ።

አንድ ነገር ልናገር። ያን ጎማ ሳየው ልቤ ወዶት ነበር። ብቻዬን ብሆን እወስደው ይሆናል። ነገር ግን «ይቀየራል» ተብሎ በተሳቀበት ቦታ «እሺ ቀይሪው» ብል፣ ማታ ግቢው በሙሉ ያንን ሲያወራ ያመሻል። ከዚያ በኋላ ቧንቧ ሲፈስ ማን ይጠራኛል? ስለዚህ «ሚስማሩን ለጥፊ፣ የቀረውን ለእኔ ተዪው» አልኳት።

«ነገ በእኔ እንዳያመካኙ።»

«እኔ በሰው አመካኝቼ አላውቅም» አልኳት። ይህም እውነት ነው፤ ሁልጊዜ የማመካኘው በመንገዱ ነው።

እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሳን። ከእኔ ጋር ሁለት ሽማግሎች አሉ። አንደኛው የቤተሰቡ የንስሐ አባት የሆኑ ቄስ ናቸው፤ ጥቂት የሚናገሩ፣ ከተናገሩ የማይመልሱ። ከተማ ሲሆኑ የቆዳ ጫማ ያደርጋሉ፤ አገር ቤት ሲወጡ ግን ድንጋዩ ይበላዋል ብለው ከመኪና ጎማ የተሠራ ጫማቸውን ነው የሚያጠልቁት። ሁለተኛው ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። አርባ ዓመት ወዳጄ ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉም ሲያርመኝ ኖሯል። የትም ሲሄድ የቆዳ ቦርሳውን ያነግታል። ውስጡ ምን እንዳለ እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር።

መንገዱ አንዳንድ ሰሞን ይዘጋል፣ አንዳንድ ሰሞን ይከፈታል፤ ያን ሰሞን ክፍት ስለነበር ልባችን ሞልቶ ወጣን። የወገራን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የጋቢናው መስኮት ስለማይዘጋ መምህሩ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ዝም አለ። ዝም ሲል ደስ ይላል። አምባ ጊዮርጊስን አልፈን፣ አስፋልቱን ለቀን ኮረኮንቹን ከያዝን በኋላ አንዲት ደረቅ ወንዝ ልንሻገር ስንል ከኋላ «ፍስስስ» የሚል ድምፅ መጣ። መኪናዋ ወገቧን ወደ አንድ በኩል ጣለች።

«አላልኩም!» አለ መምህሩ ከጋቢው ውስጥ። ምንም አላለም ነበር።

ወርደን አየን። ስንጥቁ ሦስት ጣት ያህል አፉን ከፍቷል። የውስጡ ጎማ በዚያ ሾልኮ ድንጋይ ነክሶታል። ሰዓቱ ሦስት ተኩል ሆኗል። የቀረን መንገድ በእግር የሁለት ሰዓት ነው፤ ቄሱ ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

«መቀየር ነው ያለብን» አለ መምህሩ። «ወደ አምባ ጊዮርጊስ እንመለስና ጎማ እንፈልግ።»

«በምን እንመለስ? በቦርሳህ?»

«የሚያልፍ መኪና ይኖራል።»

«በእሑድ፣ በዚህ መንገድ? ጎማ ተገኝቶ እስክንመጣ ልጅቱ ለሌላ ተድራ ትወልዳለች። እንጠግነዋለን!»

«ሰውዬ፣ የአየር ግፊት የሚባል ነገር አለ። የውስጡን ብትለጥፈውም በስንጥቁ ተመልሶ ይወጣል።»

የሚያናድደው እውነቱን መሆኑ ነው። ማስቲሽና ልጣፍ፣ ሞረድ፣ ጉጠት፣ የእጅ ፓምፕ፣ ሁሉም ከመቀመጫው ሥር አለኝ። የውስጡን ጎማ መለጠፍ ለእኔ አፍንጫ እንደማበስ ነው። የጎደለው በስንጥቁና በውስጡ ጎማ መካከል ገብቶ የሚያግድ ጠንካራ ነገር ነበር። ዙሪያዬን ቃኘሁ። ዓይኔ የመምህሩ ቦርሳ ላይ አረፈ። ቆዳው ሲያዩት ወፍራም ይመስላል፣ የድሮ ሥራ ነው።

«አስበኸው ከሆነ እንዳትነካው!» ብሎ በሁለት እጁ አቀፈው።

«ምን ይዘህበት ነው?»

«ሰነድ ነው!»

ቀምቼ ከፈትኩት። አንድ መነጽር፣ ሁለት የተቀቀለ ድንችና በወረቀት የተጠቀለለ ሚጥሚጣ። ድንቹን በኋላ በልተነዋል። ቆዳውን በጣቴ ባጥፈው ግን እንደ ጨርቅ ተጠቀለለ፤ ለዚህ ሥራ የሚሆን አልነበረም። እዚያው ተስፋ ልቆርጥ ስል ድንጋይ ላይ የተቀመጡትን ቄስ አየሁ፤ እሳቸውን ሳይሆን እግራቸውን። ጫማቸው ጎማ ነው። ያውም ከጎማው ከራሱ የመጣ፣ ቆልመም ያለ ቅርጹን ያልለቀቀ፣ ወፍራም ጎማ! በዓለም ላይ የተቀደደ ጎማን ከውስጥ ሊደግፍ የሚችል ከጎማ የተሻለ ነገር አለ?

«አባ» አልኳቸው ቀረብ ብዬ፣ «አንድ እግር ጫማ ያበድሩኝ።»

ጎንበስ ብለው እግራቸውን አዩ። «የትኛውን?»

«ግራውን። ብዙም አልተበላም።»

መምህሩ መሳቅ ሲጀምር ቄሱ እጃቸውን አነሱና ሁለታችንንም ዝም አሰኙን። እሳቸውን ያሳሰባቸው ጫማው አልነበረም። «ዛሬ ሰንበት ነው» አሉ።

ይህን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ጥብቅ ወደ ሆነ ሰው ቤት፣ በሰንበት ሥራ ሠርተን፣ እጃችን ጥቁር ሆኖ ልንገባ ነው። ካልሠራን እናረፍዳለን። ካረፈድን በሩ ይዘጋል። ከሠራን ደግሞ ምናልባት ገና ከደጅ እንመለሳለን። ጎንደር ላይ አንድ ቃል «እሺ» ብል ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር፤ ነገር ግን ሽማግሌ ወደፊት እንጂ ወደኋላ አያይም።

ቄሱ ጢማቸውን ዳሰሱ። «በግ በሰንበት ጉድጓድ ቢገባ ባለቤቱ ያወጣዋል» አሉ በመጨረሻ።

«አባ፣ ይሄ ጎማ ነው እንጂ በግ አይደለም» አለ መምህሩ።

«ጎማውን ማን በግ አለው? በጉ ጎንደር ሆኖ እህል የማይበላው ልጅ ነው።» ይህን ብለው ጎንበስ አሉና የግራ ጫማቸውን አውልቀው ሰጡኝ።

ሥራዬን በዝርዝር እነግራለሁ፤ የሚማርበት ይኑር። መኪናዋን በክሪክ አነሳሁ። ጎማውን ፈትቼ በሁለት ብረት ከቸርኬው ፈለቀቅሁ። የጫማውን ማሰሪያዎች በቢላ ቆረጥኩ፤ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ በጉጠት ነቀልኩ። አንድ ሚስማር ቢቀር የውስጡን ጎማ እንደገና ይወጋዋል፤ ያልተማረ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጠርዙን በሞረድ አለሰለስኩ። የውስጡን ጎማ ለጥፌ፣ ያፈስ እንደሆነ እንዲነፋው መምህሩን ፓምፑ ላይ መደብኩት፤ ፓምፑ ደግሞ እንደ እሱ ነው፣ ብዙ ድምፅ፣ ትንሽ አየር።

ይህን ሁሉ ሳደርግ ነጠላ ያጣፉ አንዲት ባልቴት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደረሱብን። ቆመው አዩ። እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ በቢላ ጫማ እቆርጣለሁ፤ መምህሩ ያልባል፤ ቄሱ አንድ እግራቸው ባዶ ሆኖ ዳዊት ይደግማሉ።

«ምነው አያ?» አሉኝ። «በሰንበት?»

«መኪናችን ታማብን ነው እናቴ።»

«ማኪናውስ ታመመ፤ ጫማው ምን በድሎ ነው የምታርዱት?»

ይህን ብለው ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው በአቋራጩ አለፉ። ወዴት እንደሚሄዱ የገባኝ ከዓይኔ ከጠፉ በኋላ ነው።

ጫማውን ከስንጥቁ በስተጀርባ አስገባሁት። ገጠመ። እንደ ተለካ ገጠመ! ጎማው ሲነፋ ስንጥቁ ትንሽ አበጠና ቆመ። ዳዶዎቹን አጠበቅሁ። በመንደሩ በር ስንደርስ አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ይቀረዋል። ጎማው በዞረ ቁጥር ጫማው «ደብ፣ ደብ» ይላል፤ መኪናዋ ሌላ ምንም አልሆነችም።

ከመውረዳችን በፊት «አባ፣ ስለ ባዶ እግርዎ ከጠየቁ ስእለት ነው ይበሉ» ብዬ ሹክ አልኳቸው።

«ጫማዬን ሰጥቼሃለሁ» አሉኝ፤ «አፌን አልሰጥህም።»

አባትየው በራቸው ላይ ቆመዋል። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ ከኋላቸው ዘመዶቻቸው ተደርድረው ተቀምጠዋል። ከዘመዶቹ መካከል ደግሞ፣ ማን ይመስላችኋል፣ ባልቴቲቱ አሉ። የአባትየው እህት ናቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል።

እንደ ወጉ ቆመን ሰላምታ አቀረብን። «ግቡ» አላሉንም።

«ሽማግሎች ወንዙ ዳር ጫማ እያረዱ ነው የሚል ወሬ ደርሶኛል» አሉ። ከኋላቸው አንድ ሰው ሲስል ተሰማ፤ ሳቁን ሊደብቅ መሆኑ ነው። እሳቸው ግን አልሳቁም። «እኔ በሰንበት እንጨት አላስፈልጥም። ልጄን የሚጠይቀኝ ሰው ሰንበትን ካላከበረ ልጄን ምን ሊያከብርልኝ ነው?»

መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ስለ ግፊት ሊናገር መሆኑን ስለማውቅ እግሩን ረገጥኩትና ቀደምኩ።

«እውነት ነው፤ ተሠርቷል። የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ቄሱስ?»

«እሳቸው አልሠሩም። ጫማ ሰጡ። በሰንበት መስጠት አልተከለከለም።»

«መምህሩስ?»

«እሱማ ጌታዬ፣ በሥራ ቀንም አይሠራ፣ እንኳን በሰንበት!»

ባልቴቲቱ ነጠላቸውን ጣሉትና ሳቃቸው ፈነዳ። የተደረደረው ዘመድ ሁሉ ተከተለ። አባትየው ከንፈራቸውን ነክሰው ትንሽ ታገሉ፤ ከዚያ ከጢማቸው ውስጥ ፈገግታ አፈተለከ። መምህሩ ብቻ አልሳቀም። ለዚህች ቃል እስከ ዛሬ ይቅር አላለኝም።

«አባ፣ እውነት ጫማዎ ጎማው ውስጥ ነው?» ብለው አባትየው ቄሱን ጠየቁ።

«እውነት ነው» አሉ ቄሱ። «ቀጠሮ ከማፍረስ በአንድ እግር መምጣት ይሻላል ብለን ነው።»

አባትየው ሊያዩ ወደ መኪናዋ ሄዱ። ተንበርክከው ስንጥቁን አዩት፣ በጣታቸው መቱት፣ የጫማውን ጫፍ በስንጥቁ በኩል ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነስተው ጋቢያቸውን አራገፉና «ግቡ» አሉን።

ውስጥ ገብተን የተባለውን ሁሉ አልዘረዝርም። ልጅቱ ተጠይቃ ፈቃዷን ተናግራ ኖሯል፤ አባትየው «ሸጋ ነው፤ ሰጥተናል» አሉ። እልል ተባለ። ልንመረቅ ስንነሳ ግን እጃቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

«አንድ ነገር አለኝ። ለሠርጉ ሙሽሪትን የምትወስደው ይህችው መኪና ናት?»

«እንዴታ! ነጂውም እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ አራቱም ጎማ፣ ጎማ ይሁን። ልጄ በቄስ ጫማ ላይ ተጭና ከቤቴ አትወጣም። ያ ጎማ ይቀየር።»

መምህሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ አርባ ዓመት የጠበቃትን ደቂቃ እንዳገኘ ሰው ፊቱ በራ። ከእኔ የምትጠበቀው አንዲት ቃል ናት። ብዙ መከራከሪያ ነበረኝ፤ ጎማው ጎንደር ድረስ እንደሚመለስ፣ ከዚያም በኋላ ዓመት እንደሚሄድ ማስረዳት እችል ነበር። ነገር ግን ጎንደር ላይ ስልኩን እየነካካ የሚጠብቀውን ልጅ አሰብኩ።

«ይቀየራል» አልኩ። ጮክ ብዬ፣ ሁሉም እየሰማኝ።

«ድገመው እስቲ» አለኝ መምህሩ በሹክሹክታ። አልደገምኩም።

እንግዲህ በዚያ እሑድና ከዚያ በኋላ ያከናወንኩትን እዚህ ላስፍር፤ ሌላ ሰው ከጻፈው ያሳንሰዋል፦

ጎኑ የተቀደደ ጎማ ያለ ስኮርታ፣ ያለ ጎሚስታ፣ በአንድ የግራ እግር ጫማ ጠገንኩ።

በዚያው ጎማ ከመንደሩ እስከ ማራኪ ተመለስኩ፤ አንድም ጊዜ ወርጄ አልነፋሁትም። መምህሩ ሁለት ጊዜ ነፍተኸዋል ይላል፤ የነፋው እሱ ራሱ ስለሆነ በእኔ አይቆጠርም።

ቀጠሮ አላፈረስኩም።

በሰንበት ስለመሥራቴ ቄሱ ያዘዙኝን ስግደት ጨርሻለሁ፤ ከታዘዘው አምስት ጨምሬ።

ቄሱ ከሙሽራዋ አባት በተሰጣቸው የላስቲክ ቦት ጫማ ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ክረምቱን በሙሉ ጭቃው አልነካቸውም። ይህም የእኔ ሥራ ነው፤ ጫማቸውን ባልቆርጥ ማን ይሰጣቸው ነበር?

ጎማውን ቀየርኩ። ሰው ቀይር ስላለኝ አይደለም፤ ቃል ስለገባሁ ነው። ሁለቱ ይለያያሉ።

ሙሽሪትን ከአባቷ ቤት አውጥቼ፣ ያንን ወንዝ አሻግሬ፣ ጎንደር አስገባሁ። መንገድ ላይ መኪናዋ ምንም ድምፅ ስላላሰማች ሁለት ጊዜ ቆሜ ወርጄ አየኋት።